ሒሳብ የምትችል ልጅ ሰዓት ሲያልቅባት

የመጀመሪያ ልጄ ዘንድሮ የ12ኛ ክፍል ተፈታኝ ናት። የተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪ ስትሆን ከትምህርቶቿ ሁሉ አብልጣ የምትወደው ሒሳብ ነው። ቤታችን እንግዳ ሲመጣ «ይህቺ ልጅ የማንን ጭንቅላት ወርሳ ነው?» ይባላል። እኔ የሒሳብ ሠራተኛ ስለሆንኩ መልሱ ግልጽ ነው ብዬ ፈገግ ብዬ ዝም እላለሁ። እናቷም ዝም ትላለች፤ የእሷ ዝምታ ግን ሌላ ትርጉም እንዳለው አውቃለሁ።

ጥር ወር ላይ ትምህርት ቤቷ ሞዴል ፈተና ሰጠ። አሠራሩ በየመጻሕፍት መሸጫው በጥራዝ እንደሚሸጡት የድሮ የሒሳብ ፈተናዎች ነበር፤ 65 ጥያቄ፣ 3 ሰዓት። ወረቀቱ የተመለሰ ዕለት ከሥራ ስገባ ምንም ሳትናገር አቀበለችኝ። ከ65ቱ 41 አግኝታለች። ወደ መቶኛ ሲቀየር 63 ነው፤ በዚህ ዘመን ብዙ ቤት እልል የሚባልበት ውጤት ነው። እኔን ያስደነገጠኝ ሌላ ነገር ነው። ከ49ኛው ጥያቄ እስከ 65ኛው ድረስ ያሉት 17 ጥያቄዎች ጭራሽ አልተነኩም። ከነካቻቸው 48 ጥያቄዎች ደግሞ የሳተችው ሰባቱን ብቻ ነው።

«ምን ሆነሽ ነው?» አልኳት።

«ሰዓት አለቀብኝ፣ አባዬ።»

እኔም በዚያ ሰዓት የማይባለውን አልኩ። «በቀን ቅዠት ስትዋኚ ውለሽ ነዋ!» አልኳት። እናቷ በዓይኗ ገረፈችኝ፤ ልጅቷም ክፍሏ ገብታ በሯን ዘጋች።

እራት ከተበላ በኋላ ይቅርታ መጠየቁ ስለከበደኝ ለይምሰል «እስቲ ራፍ የሠራሽበትን ወረቀት አሳዪኝ» አልኳት። አመጣችው። ጥያቄ ቁጥር 11 ላይ ስደርስ ዓይኔን ማመን አቃተኝ። ለአንድ ጥያቄ ሦስት ገጽ ሙሉ ቁጥር ተደርድሯል። ጥያቄው «ከ1 እስከ 300 ካሉት ሙሉ ቁጥሮች መካከል ለ4ም ሆነ ለ6 ያለ ቀሪ የማይካፈሉት ስንት ናቸው?» ይላል። ልጄ አቋራጩ አልመጣልሽ ሲላት ቁጥሮቹን አንድ በአንድ ስትጽፍና ስትሰርዝ፣ ስትጽፍና ስትሰርዝ ቆይታለች። መልሱን 200 ብላለች፤ ልክ ነው። አንጀቴን የበላውም ይኸው ልክ መሆኑ ነው።

«ስንት ደቂቃ ፈጀብሽ?»

«አላውቅም። ወደ 15 ደቂቃ ይሆናል። ግን ካገኘሁት በኋላ ደስ ብሎኝ ነበር» አለች።

3 ሰዓት 180 ደቂቃ ነው። ለ65 ሲካፈል ለአንድ ጥያቄ ሦስት ደቂቃ እንኳ አይደርስም፤ ሁለት ደቂቃ ከ46 ሴኮንድ ገደማ ነው። ስለዚህ ቁጥር 11 ለአንድ ነጥብ የአምስት ጥያቄ ጊዜ በልቷል። ሻይ ቀርቦ ሌላ ወሬ ስናወራ ደግሞ ልጅቷ ድንገት ብርጭቆዋን አስቀመጠችና «አባዬ፣ በየ12ቱ እኮ ነው የሚደጋገመው!» አለች። እውነቷን ነው። ከ1 እስከ 12 ካሉት ቁጥሮች ለ4 ወይም ለ6 የሚካፈሉት 4፣ 6፣ 8 እና 12 ናቸው። ስምንቱ አይካፈሉም። በ300 ውስጥ 12 ሃያ አምስት ጊዜ ስለሚገኝ 25 ጊዜ 8፣ 200። ፈተናው ላይ ሦስት ገጽ የወሰደው ሥራ ከሻይ ጋር ግማሽ ደቂቃ አልፈጀም።

ያን ምሽት በደንብ እንቅልፍ አልወሰደኝም። ውድ አንባቢያን እንደምታውቁት ይህ ፈተና እንደ ድሮው አይደለም። ከ2014 ዓ.ም. ወዲህ ልጆቹ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ገብተው፣ እዚያው እያደሩ ይፈተናሉ። ለማለፍ ግማሽ ማምጣት ያስፈልጋል። በዚያው ዓመት ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. 3.2፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ 8.4 በመቶ ሆኑ። ለዚህ ሁሉ ተጠያቂው ሰዓት ነው አልልም። መጽሐፍ ሳያገኝ፣ ለወራት መምህር ሳይገባለት የተፈተነውን ልጅ «ሰዓትህን አልተጠቀምክም» ብሎ መውቀስ ግፍ ነው። ነገር ግን የሚያውቀውን ሳይሠራ ለሚወጣ ልጅ መፍትሔው ተጨማሪ አስጠኚ መቅጠር እንዳልሆነ ያን ሌሊት ገባኝ። እኔ በማግሥቱ ልቀጥር አስቤ ነበር።

በማግሥቱ ቅዳሜ ነበር። ቡና እየተፈላ ሳለ ልጅቷን «ካልመጣልሽ ለምን ዘለሽ አላለፍሽም?» ብዬ ጠየቅኳት። የመለሰችልኝን እስካሁን አልረሳሁትም።

«አንተ አይደለህ የጀመርሽውን ሳትጨርሺ አትነሺ የምትለኝ? ራስህ 40 ሳንቲም ጎደለ ብለህ እስከ ማታ ሦስት ሰዓት ቢሮ የምታመሽ ሰው!»

እናቷ ሳቋን ለመደበቅ ወደ ጓዳ ገባች። እውነት ነው፤ ሒሳብ ሲዘጋ የጎደለችው ሳንቲም ሳትገኝ አልነሳም። ልጆቼንም በዚሁ ነው ያሳደግኳቸው፤ ሳህን ላይ ምግብ አይተርፍም፣ የቤት ሥራ በግማሽ አይተውም፣ የከበደ ነገር አይሸሽም። ይህ ለኑሮ ጥሩ ነው፤ አሁንም አልጸጸትበትም። ልጄ ግን ይህን ይዛ ነው የፈተና አዳራሽ የገባችው፤ እዚያ ደግሞ 11ኛውን ጥያቄ ትቶ መነሳት ሽሽት አይደለም። ይህንን ለአንዲት እልኸኛ ልጅ እንዴት አድርጌ ላስረዳ ብዬ ስቸገር፣ በአንድ እጇ ስኒዋን ይዛ ስትሰማን የቆየችው እናቴ ገባችበት።

«እኔ ገበያ ስወጣ» አለች፣ «መጀመሪያ ያገኘኋት ቅቤ ሻጭ ጋ ስከራከር ብውል በርበሬውም ሽንኩርቱም ሳይገዛ ገበያው ይበተንብኛል። ዋጋዋን ሰምቼ አልፋለሁ። ሌላ ሌላውን ሸምቼ ስመለስ ፀሐዩ ከሯል፣ ቅቤውም እየቀለጠ ነው፤ ያኔ እሷው ትለምነኛለች። ትቻት ሄድኩ እንጂ ረሳኋት እንዴ?»

ልጅቷ ዝም አለች። ዝም ማለቷ ለእኔ ብዙ ነበር።

ከዚያ ቅዳሜ ጀምሮ ሳሎናችን የፈተና አዳራሽ ሆነ። ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ 6 ሰዓት ቴሌቪዥን አይከፈትም፤ ስልኮች ሁሉ፣ የእኔም ጭምር፣ መሳቢያ ውስጥ ይገባሉ። ካልኩሌተር የለም፤ ፈተናው ላይም አይኖርም። ትንሹ ወንድሟ አክስቱ ቤት ይላካል። ፈታኟ እናቴ ናት፤ ጥግ ላይ ተቀምጣ ጥጧን እየፈተለች ትፈትናለች። እኔ ከኋላ ሶፋው ላይ ሆኜ ልጅቷ ጥያቄ በቀየረች ቁጥር ሰዓቱን በመዝገብ ላይ እጽፋለሁ፤ ከሙያዬ የተረፈ ልማድ ነው።

የመጀመሪያው መዝገብ ያልጠበቅነውን አሳየን። ከ180ው ደቂቃ 38ቱን የወሰዱት አራት ጥያቄዎች ብቻ ናቸው። ሌላው ደግሞ ከዚህ ይብሳል። በጣም የሚቀሏትን ጥያቄዎች በሁለት መስመር ሠርታ ከጨረሰች በኋላ ሁለተኛ፣ አንዳንዴም ሦስተኛ ጊዜ ትሠራቸዋለች። ለምን ስላት «ስለቀለለኝ ወጥመድ ያለው መሰለኝ» አለች። ሃያ ያህል ደቂቃ የሄደው በዚህ ጥርጣሬ ነው። የልጅዎን ፈተና ቁጭ ብለው ካዩ ምናልባት እርስዎም ይህንኑ ያገኙ ይሆናል። ከባዱ ጥያቄ የሚወስደው ጊዜ በራፍ ወረቀቱ ላይ ይታያል፤ ፍርሃት የሚወስደው ግን ምልክት አይተውም።

በሁለተኛው ቅዳሜ ዘለይ ስላልኳት ዘለለች። ግን ምን ያህል? ሠላሳ አንድ ጥያቄ! ጥያቄው ረዘም ካለ ዘለለች፣ ስዕል ካለው ዘለለች። አንዴ መተው ሲፈቀድላት ሁሉም የሚተው መሰላት። ስትመለስ የሚጠብቃት ክምር አስደንግጧት ከቀድሞው ያነሰ አመጣች። «የአንተ ምክር ነው!» ብላ እርሳሷን ወረወረች። እኔም እውነት ለመናገር ምክሬ ላይ ጥርጣሬ ገባኝ።

ያዳነን የራፍ ወረቀቱ ነው። መዝገቤንና ራፏን ጎን ለጎን ሳስቀምጥ በእሷ የእጅ ጽሑፍ ግማሽ ገጽ ራፍ ማለት አራት ደቂቃ ገደማ እንደሚሆን አየሁ። ስልክና ሌላ ኤሌክትሮኒክ ዕቃ ወደ ፈተና አይገባም። የግድግዳ ሰዓት ይኑር አይኑር፣ ቢኖርም ከመቀመጫዋ ይታይ አይታይ ዋስትና የለም። ወረቀቷ ግን ሁልጊዜ ከፊቷ ነው። ስለዚህ ሕጋችን እንዲህ ሆነ። ጥያቄውን አንብባ መንገዱ ከታያት ትጀምራለች። ካልታያት ቁጥሩን በራፍ ወረቀቷ ጥግ ጽፋ ታልፋለች። ከጀመረች በኋላ ደግሞ ራፉ ግማሽ ገጽ ከሞላ፣ መልሱ አፏ ላይ የደረሰ ቢመስላት እንኳ፣ እስክትመለስ ትተወዋለች። የእያንዳንዱ ልጅ እጅ ይለያያል፤ የልጅዎ ግማሽ ገጽ ስንት ደቂቃ እንደሆነ እቤት መለካት ይቻላል።

ፈታኙ «አንድ ሰዓት አልፏል» ሲል 30ኛው ጥያቄ አካባቢ መድረስ አለባት። ሁለት ሰዓት ሲሞላ የመጀመሪያው ዙር ማለቅ አለበት፤ ይህም ከ12 እስከ 15 የሚሆኑ ጥያቄዎች ተዘለው ማለት ነው። ቀጥሎ ያሉት 45 ደቂቃዎች የተዘለሉት ናቸው። የመጨረሻው 15 ደቂቃ አይነካም፤ ለመልስ መስጫው ወረቀት የተቀመጠ ነው።

ስለዚህ የመልስ ወረቀት ሳላነሳ አላልፍም፤ በሦስተኛው ቅዳሜ ጉድ ሊሠራን ነበር። ልጅቷ 14ኛውን ጥያቄ ዘለለች፤ የ15ኛውን መልስ ግን 14 ላይ አጠቆረች። ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ አንድ አንድ እየተንሸራተተ ሄደ። ያወቀችው 40ኛው ጥያቄ ላይ ስትደርስ ነው። ስትሰርዝ ወረቀቱ ሊቀደድ ደረሰ፣ እጇ ተንቀጠቀጠ፣ ዓይኗ እንባ አቀረረ። እናቴ እንዝርቷን አስቀምጣ «ፈተናው ይቁም!» ብላ አወጀች። እኔ ግን ይህ አደጋ ሳሎናችን ውስጥ በመድረሱ ደስ አለኝ። መልሱን የሚያርመው ማሽን ነው፤ «ይህቺ ልጅ አንድ መስመር ስታለች እንጂ ታውቀዋለች» ብሎ አያዝንም። አሁን በየአምስት ጥያቄው ቆም ብላ የጥያቄውንና የመልስ ወረቀቱን ቁጥር በጣቷ ታመሳክራለች። ሁሉንም መልስ በራፍ ጽፎ መጨረሻ ላይ አንድ ጊዜ ማጥቆር የሚባለውን ዘዴም ሞክራው ነበር፤ ተውነው። ሰዓቱ ድንገት ካለቀ የሠራችው ሁሉ ራፍ ላይ ይቀራል።

ሌላው ያስተማርኳት ነገር አንዳንድ መምህራንን ላያስደስት ይችላል። ምርጫ ባለው ፈተና ላይ ከመልሱ ተነስቶ ወደ ጥያቄው መሄድ ነውር አይደለም። አንድ ምሳሌ ልስጥ። «6 ተደምሮበት የድምሩ ስኩዌር ሩት ሲወሰድ ራሱን የሚሰጠው ቁጥር የትኛው ነው?» ቢባልና ምርጫዎቹ ‑2፣ 2፣ 3 እና 6 ቢሆኑ፣ ልጄ እንደተማረችው ሁለቱንም ወገን ስኩዌር አድርጋ፣ ኢኩዌሽን መሥርታ፣ ፋክተር አውጥታ 3 እና ‑2 ታገኛለች። ከዚያ ከሁለቱ የቱ ነው ብላ ታስባለች። ምርጫዎቹን አንድ በአንድ ብታስገባ ግን 3 ሲደመር 6 ዘጠኝ፣ የዘጠኝ ስኩዌር ሩት 3፤ አለቀ። ‑2ን ብትሞክር 4 ታገኛለች፣ የአራት ስኩዌር ሩት ደግሞ 2 እንጂ ‑2 አይደለም። ወጥመዱም በዚያው ተገለጠ። ክፍል ውስጥ ረጅሙን መንገድ መማር የግድ ነው፤ ያለ እሱ ዩኒቨርሲቲ ገብታ ትቸገራለች። ለሦስት ሰዓቱ ግን አጭሩንም ማወቅ አለባት።

ያልተሠራ ጥያቄ ባዶ አይተውም። ለስህተት የሚቀነስ ነጥብ ስለሌለ ባዶ መተው ትርፉ ምን እንደሆነ አልገባኝም። ምርጫው አራት ስለሆነ እነዚያን 17 ጥያቄዎች ዓይኗን ጨፍና እንኳ ብታጠቁር በአማካይ አራቱን ያህል ታገኝ ነበር። ሁለቱ ምርጫዎች የማይሆኑ መሆናቸውን ካወቀች ደግሞ ዕድሏ ግማሽ በግማሽ ነው። እኔ በ1988 ዓ.ም. ማትሪክ ስፈተን «የማታውቀውን ሁሉ ሲ አጥቁር» የሚል ምክር ነበረን። ፈታኙ «15 ደቂቃ ቀርቷችኋል» ሲል ሆዴ ውስጥ የወደቀው ነገር ዛሬም ትዝ ይለኛል። አሥር ያህሉን በሲ ሞልቼ ወጣሁ፤ ስንቱ እንደተሳካ ፈጣሪ ይወቀው።

ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ ከፊሉ ተፈታኝ በኮምፒውተር ይፈተናል። እዚያ የማጥቆር ጣጣ የለም፤ ነገር ግን ጥያቄው ስክሪን ላይ፣ ራፉ ጠረጴዛ ላይ ስለሆነ ዓይን ይመላለሳል። ልጄ በሥራ ቦታዬ ኮምፒውተር አንድ ጊዜ ስትሞክር ሁለት ቦታ ላይ የመቀነስ ምልክት ሳትገለብጥ ቀርታለች። ልጅዎ በኮምፒውተር የሚፈተን ከሆነ ቢያንስ ጥቂት ጊዜ ከስክሪን እያነበበ በወረቀት ቢሠራ ይጠቅመዋል።

ለአያቶች አንድ ነገር ልበል። እናቴ ሎጋሪዝም ምን እንደሆነ አታውቅም፤ ነገር ግን ከእኔ የተሻለች ፈታኝ ሆናለች። እኔ ልጅቷ ስትቆም እቁነጠነጣለሁ፣ አንገቴን አስግጌ ወረቀቷን አያለሁ። እናቴ ዝም ብላ ትፈትላለች። ሰዓቱ ሲደርስ «አንድ ሰዓት ሄደ፣ የኔ እናት» ትላለች፤ ሌላ ቃል የላትም። ፈተናው ሲያልቅም «ስንት አገኘሽ?» ብላ ጠይቃ አታውቅም፤ «ራበሽ?» ነው የምትለው። ልጅቷ ግቢ በምትገባበት ሳምንት ደውለን ልንጠይቃት አንችልም፤ ምናልባት ይዛው የምትሄደው ይህንን ድምፅ ሳይሆን አይቀርም። ስለዚህ ሶፋውን ለቅቄ በረንዳ ላይ መቀመጥ ጀምሬያለሁ። መዝገቡን ተውኩት፤ አሁን አያስፈልግም።

ባለፈው ቅዳሜ ሰባተኛው ፈተናዋ ነበር። ሠፈራችን ድንኳን ተተክሎ ከጠዋት ጀምሮ ዘፈን ይለቀቅ ነበር፤ ይተው ብላት «አይ፣ ልሞክረው» አለች። የመጀመሪያውን ዙር ሁለት ሰዓት ሊሞላ አምስት ደቂቃ ሲቀረው ጨረሰች። 13 ጥያቄ ዘለለች፤ ተመልሳ ሰባቱን ሠራች፣ የቀሩትን ስድስቱን ምርጫ እየቀነሰች ገመተች። ባዶ የቀረ የለም። ስናርመው 52 ሆነ። እናቷ እልልታዋን ከድንኳኑ ጋር ቀላቀለችው።

እራት ቀርቦ ሁላችንም ስንቀመጥ ልጅቷ የለችም። ክፍሏ ገብቼ ሳይ መሬት ላይ ተቀምጣ 37ኛውን ጥያቄ ትሠራለች፤ ከገመተቻቸው አንዱ ነው። ራፉ ሁለተኛ ገጹን ጀምሯል። «ነይ እንጂ፣ እንጀራው ደረቀ» ልላት አፌን ስከፍት እናቴ ከሳሎን ተጣራች።

«ተዋት፣ አንተ ልጅ! ገበያው ተበትኗል፤ አሁን እንደፈለገች ትከራከር።»